ቁልፍን መቆራረጥና ቁልፍን ማካፈል

ጥያቄ፦ የቢትኮይን ዋሌቴን (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዬን) መመለሻ 12 ቃላት በአንድ ወረቀት ጽፌ ቤት ማስቀመጡ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ በሦስት ወረቀቶች ላይ ስምንት ስምንት ቃል ጽፌ፣ ማናቸውም ሁለቱ ሲገናኙ 12ቱ እንዲሟሉ አስቤያለሁ። አንዱ እኔ ዘንድ ይቀራል፤ ሁለተኛውን ባሕር ዳር ለወንድሜ፣ ሦስተኛውን ቢቸና ለእናቴ እሰጣለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ የቦታ ምርጫዎ መልካም ነው፤ የእርስዎን ቤት ያገኘ እሳት ወይም ሌባ ቢቸናና ባሕር ዳር አይደርስም። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። አንዱን ወረቀት ብቻ የሰረቀ ሰው የሚቀሩት አራት ቃላት ናቸው፤ ቃላቱም የሚወጡት ማንም ሊያየው ከሚችል የ2,048 ቃላት ዝርዝር ነው። አራቱን ባዶ ቦታዎች ለመሙላት ከ17 ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ቢኖርም፣ በመጨረሻው ቃል ውስጥ ያለው ማረጋገጫ አብዛኛውን ውድቅ ስለሚያደርገው አንድ ትሪሊዮን ያህል ብቻ ይተርፋል፤ ይህም ብርቱ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ላለው ሌባ የሚዘለቅ ሥራ ነው።

ይህን ጉድለት የሚያስቀረውን ዘዴ እስራኤላዊው ሊቅ አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመውታል። ምስጢሩ፣ ማለትም ቃላቱ የሚወክሉት የገንዘቡ ቁልፍ፣ ቁጥር ነው እንበል። በዚያ ቁጥር ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርና፣ ከመስመሩ ላይ ሦስት ነጥቦች ተለይተው ለሦስት ሰዎች ይሰጣሉ። ሁለት ነጥብ ያገኘ መስመሩን መልሶ አስምሮ ቁጥሩ ላይ ይደርሳል፤ አንድ ነጥብ ብቻ የያዘ ግን ከነጥቡ ወደ የትኛውም ቁጥር መስመር መሳብ ስለሚችል፣ ስለ ምስጢሩ ምንም አላወቀም።

ዘዴው ለዋሌት እንዲስማማ የተዘጋጀው ደንብ ስሊፕ 39 ይባላል፤ እያንዳንዱ ድርሻ እንደ ቁልፉ ርዝመት 20 ወይም 33 ቃላት ይኖሩታል። ደንቡን በሚቀበል ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን ከኢንተርኔት አርቆ በሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) ላይ ከሦስት ሁለት የሚጠይቅ አዲስ ዋሌት ይክፈቱና ገንዘቡን ወደዚያ ያዛውሩ። አሁን የያዟቸውን ቃላት ግን «እናካፍልልዎ» ለሚል ድረ ገጽ በፍጹም አያስገቡ።

አንድ ሥጋት ይቀራል፤ ድርሻዎቹ በተገጣጠሙ ጊዜ ሙሉው ቁልፍ በአንድ መሣሪያ ላይ ይገኛል። ገንዘቡ የብዙ ሰው ቢሆን ኖሮ መልቲሲግ የተባለውን እመርጥ ነበር፤ በዚህ አሠራር እንደ ዕድር ሣጥን ሦስት የተለያዩ ቁልፎች ስላሉ፣ ሁለት ሰዎች በየቦታቸው ሆነው ይፈርማሉ እንጂ ቁልፎቹ አይሰበሰቡም። ሆኖም የሦስቱም ሕዝባዊ ቁልፎች (ፊርማን ለማረጋገጥ እንጂ ለመፈረም የማያገለግሉት የቁልፎቹ ጥንዶች) መዝገብ በየእጃቸው ካልተቀመጠ፣ አንድ ቁልፍ ሲጠፋ ሁለቱ ቢገኙም ገንዘቡ ሊቆለፍ ይችላል። ለአንድ ሰው ቁጠባ ይህ ሁሉ ጣጣ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ድርሻዎቹን ራስዎ ያድርሱ፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ምስጥና አይጥ ባለበት ቤት ከወረቀት ይልቅ በብረት ላይ የተቀረጸ ይሻላል። እናትዎና ወንድምዎ የያዙት ምን እንደሆነና ሌላው ድርሻ ማን ዘንድ እንዳለ ይወቁ፤ እርስዎ በሌሉበት የሚገናኙት እነርሱ ናቸው። ገንዘቡን ከማዛወርዎና ድርሻዎቹን ከማደልዎ በፊትም አዲሱን ዋሌት ከመሣሪያው ላይ አጥፍተው፣ ለእነርሱ ባዘጋጁት ሁለት ድርሻ ብቻ መልሰው ይክፈቱት።