«እሺ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ 31 ዓመት በሒሳብ ሙያ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሒሳብ አይደለም፤ አንዲት «እሺ» ስላስከፈለችኝ ዋጋ ነው።

የዛሬ 18 ዓመት ገደማ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ከቢሮ ስንወጣ ማኪያቶ ጋበዘኝ። አንዲት ትንሽ ካፌ ገባን። ሌሎች ሁለት ባልደረቦቻችንም አብረውን ነበሩ። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ትንሽ እንዳወራን ሰውዬው ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ብድር ሊወስድ ነው። «ዋስ ሁነኝ» አለኝ። ሦስቱም ያዩኛል። ወረቀቱን አነበብኩት። ማንበብ ሥራዬ ነው፤ የሰው ውል አይቼ «ይቺ አንቀጽ ትጎዳሃለች» የምል ሰው ነኝ። የዚያን ሰዓት ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። መዳፌ አልቦት እስክሪብቶው ያንሸራትተኝ ነበር። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ፈረምኩ።

ሰውዬው መክፈል አቆመ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። ባለቤቴ ለቤታችን ጣሪያ ያጠራቀመችው ገንዘብ በወር ቀለብ አለቀ። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ለዓመታት ጥፋቱን ሰውዬው ላይ ስከምር ኖርኩ። እሱ ጥፋተኛ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። ግን ያን ወረቀት የፈረመው ይሉኝታዬ ነው። «ምን ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት እጄን ይዞ ፈረመ።

ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው እያልኳችሁ አይደለም። ለቅሶ የሚያስደርሰን፣ የታመመ የሚያስጠይቀን፣ ከጎረቤት ጋር አቻችሎ የሚያኖረን እሱ ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው አጠገብ መኖር ከባድ ነው። ነገር ግን ዋስ መሆንን፣ ትዳር መያዝን፣ የትምህርት መስክ መምረጥን ለእሱ አትስጡት።

በሙያችን በየወሩ የምንሠራው ሥራ አለ። መዝገባችን ላይ ያለውን ገንዘብ ከባንኩ መግለጫ ጋር እናስታርቃለን። ሁለቱ ካልተገናኙ ልዩነቱ እስኪገኝ ዕረፍት የለንም። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋማ ስንት ሌሊት አምሽተናል! ለሰው ገንዘብ እንዲህ ስጨነቅ፣ ራሴን ግን አስታርቄ አላውቅም ነበር። በአፌ «ቤተሰቤ ይቀድማል» እላለሁ። ፊርማዬ የሚለው ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ተራ ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ ሦስት ነገር እጽፍበታለሁ። ዛሬ ምን ወሰንኩ? ስወስን ምን ተሰማኝ? ማን እያየኝ ነበር? አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መጀመሪያ አካባቢ «ደህና ነበርኩ» ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። ወንዶች ሆነን ስናድግ የተፈቀደልን መቆጣትና ዝም ማለት ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ቃላቱ መጡ። ፈራሁ። አፈርኩ። ቀናሁ። «ቀናሁ» ብሎ መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል፤ ግን ጻፉት። ሦስት ወር ቆይቼ ደብተሩን ሳገላብጥ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ከሚቆጩኝ ውሳኔዎች አብዛኞቹ አመሻሽ ላይ፣ ደክሞኝና ርቦኝ፣ በሰው ፊት የወሰንኳቸው ነበሩ።

የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማቲው ሊበርማን ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት፣ ስንፈራ የሚነቃው አሚግዳላ የሚባል የአንጎል ክፍል ረገብ ይል ነበር። ይህን ሳነብ ያቺ ካፌ ትዝ አለችኝ። በልቤ «ይሄ ይሉኝታ ነው» ብዬው ቢሆን ኖሮ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማወቁ ብቻ ግን አይበቃም። ሰው ዓይን ዓይናችሁን ሲያያችሁ ያወቃችሁት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መልሱን ቀድማችሁ አዘጋጁት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ሐሳብን ከዳር ለማድረስ እንደሚረዳ ጽፏል። የእኔ አጭር ናት፤ ገንዘብ ወይም ፊርማ ስጠየቅ «ከባለቤቴ ጋር ልማከርና ነገ ልንገርህ» እላለሁ። ቅን ሰው በዚህ አይከፋም። የሚከፋው ካለም፣ ያው ዋስ የማልሆነው እሱን ነው።

አምና ቢሯችን ለልምምድ የመጣች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንበላ ሄድን። «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ማስተርስ ጀመሩ። እኔም ልመዝገብ?» አለችኝ። «መማርሽን ማንም ሰው ባያውቅ ትማሪ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። የዓሣውን እሾህ አንድ በአንድ እያነሳች የሳህኑ ዳር ላይ ትደረድር ጀመር። እኔም ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሲመጣባችሁ ቶሎ ስልክ አታንሱ፤ ትንሽ ቆዩበት። ከሳምንት በኋላ መጥታ «እማራለሁ ጋሼ፤ ግን የምማረው ሌላ ነው» አለችኝ። ምን እንደሆነ ለመናገር የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ባለፈው ወር ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ዋስ ፈልጎ መጣ። «ነገ ልንገርህ» አልኩት። ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ልጁ መክፈል ቢያቅተው ከእኛ የሚወጣውን ብር ደመርን። አቅማችን ይችለዋል። ልጁንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናውቀዋለን። «ፈርምለት» አለችኝ። ጠዋት ሄጄ ፈረምኩ። መዳፌ ደረቅ ነበር።