መልስ፦ የግቢው ዕቅድ ከየት ይጀመር?

«የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢያችንን የአሥር ዓመት ዕቅድ ከየትኛው ሕንፃ እንጀምር?» ብለው ለጠየቁት፣ ከሕንፃ ሳይሆን ከውኃ መውረጃው ይጀምሩ። ጎንደር ተዳፋት የበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ የሚወርድበትን መስመር አስቀድመው በካርታ ላይ ያስምሩ፤ ለመማሪያና ለመኝታ ሕንፃ የሚመደበው ከዚያ የሚተርፈው ደልዳላ መሬት ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ከተጀመረ ወዲህ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል በሚባሉ ግቢዎች በየሰፈሩ የሰፋ በመሆኑ፣ የአንዱን ግቢ ዕቅድ ከሌሎቹ ነጥሎ ማውጣት ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍትን በከንቱ መደጋገም ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ፦ ተማሪው የሚመላለስበትን የእግር መንገድ በአካል ተገኝተው ይዩ። እኔ በተሳተፍኩበት አንድ ግቢ አጥሩ የቆየውን አቋራጭ ዘግቶ ተሠራ፤ ወር ሳይሞላው ሽቦው ተቆርጦ፣ አዲስ የተተከለው ሣር መሃል ለመሃል ተረግጦ ጭቃ ሆኗል።