ግርሻ በትንፋሽ ይተላለፋል ወይ? (መልስ)

እህቴ፣ ጎዳና ለሚያድሩ ሰዎች ልብስ ሳከፋፍል ግርሻ (ለቆ መልሶ የሚያገረሽ የትኩሳት በሽታ) ይይዘኝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። በትንፋሽ አይተላለፍም። አብሮ መብላትም ሆነ መጨባበጥ አያስይዝም። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው።

የሚገርመው፣ ንክሻው ብቻውን አያስይዝም። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ያለው ቅማሉ ሰውነት ውስጥ ነው። ቅማል ያለበት ሰው ሲያክ ቅማሉ ይፈርጣል፤ ባክቴሪያው በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ ቅማል በጥፍር መግደል ይቅርብሽ!

ይህ ቅማል የሚኖረው የልብስ ስፌት ውስጥ ነው። በክረምት ብርድ ያንኑ ልብስ ደራርቦ፣ ከሌሎች ጋር ተጠጋግቶ የሚያድር ሰው በቀላሉ ይጠቃል። ስንፍና አይደለም፤ ውኃና ቅያሪ ማጣት ነው። ሀብታም አገርም ያው ነው፦ የአሜሪካዋ ሲያትልና የፈረንሳይዋ ማርሴይ ውስጥ በዚሁ ቅማል የሚተላለፍ ባርቶኔላ ኩዊንታና የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ቤት አልባ ሰዎች ላይ ተገኝቷል።

አሮጌ ልብስ ስትቀበዪ በፈላ ውኃ ዘፍዝፊው። መቀቀል የማይችለውን ፌስታል ውስጥ አጥብቀሽ አስረሽ ሁለት ሳምንት አቆዪው። የልብስ ቅማል ከሰው ተለይቶ ብዙ አይቆይም፣ ሳምንት ገደማ ነው።

ልብስ ከምታከፋፍዪላቸው ሰዎች አንዱን ድንገት ብርድ ብርድ ካለው፣ ካተኮሰውና ራሱን ካመመው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ትኩሳቱ ለቆት እስኪያገረሽ አትጠብቂ። ከፋርማሲ ገዝተሽም አትስጪው። አንቲባዮቲኩ ያድናል፤ ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሊመጣ፣ የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል። ባለሙያ አጠገቡ መሆን አለበት።