አረፋው ከታች፣ ሞተሩ ከላይ፦ ጥያቄና መልስ

ቀይ ባሕር ላይ የሰመጠ መርከብ ለማየት የሚወርዱ ጠላቂዎችን በሚጭኑ ጀልባዎች ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ባሕር ዳር ተመልሼ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እንግዳ አመላልሳለሁ። ሰሞኑን አንድ እንግዳ የመጥለቂያ ዕቃውን ተሸክሞ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ከች አለ። «ጣና ውስጥ ልግባ» ሲል ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው ቡና ላይም፣ ነዳጅ ስሞላም አልተቋረጠም። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ ሰው የሰመጠ መርከብ ለማየት ያን ሁሉ ብር ያወጣል? ዝገት አይደል እንዴ?

ዝገት ነው። ግን ታሪክ ያለው ዝገት ነው። ግብፅ አጠገብ ቲስልጎርም የሚባል የእንግሊዝ መርከብ አለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ 9 ሰው ሞተበት። ዛሬ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተቀምጧል። ሆዱ ውስጥ የጭነት መኪናው፣ ሞተር ሳይክሉ እንደተደረደረ አለ። ባቡር ሳይቀር ጭኖ ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ ፖርት ሱዳን ያለው ኡምብሪያ ነው። የጣሊያን መርከብ ነው። ጣሊያን ጦርነት ውስጥ በገባችበት በጁን 1940 ካፒቴኑ እንግሊዞች እንዳይወስዱት ብሎ ራሱ አሰመጠው። የጫነው ቦምብ ነበር፤ ምሥራቅ አፍሪካ ላለው የጣሊያን ጦር። ቦምቡ ዛሬም እዚያው ነው። ወዴት ሊመጣ እንደነበር ሳስብ፣ እንኳንም ሰመጠ እላለሁ።

ጠላቂ ካለበት ቦታ ስንት ሜትር ልራቅ? (የጀልባ ነጂ ነኝ)

እንደየአገሩ ሕግ ነው። ለምሳሌ ፍሎሪዳ ውስጥ ክፍት ውኃ ላይ 90 ሜትር ያህል፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ደግሞ 30 ሜትር ያህል መራቅ አለብህ። ከዚያ ውስጥ የግድ ከገባህ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብለህ ነው። ጠላቂውም ቢሆን መኖሩን ከሚያሳየው ባንዲራ ርቆ መውጣት የለበትም። ግዴታው የሁለቱም ነው።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ረዳትህን ፊት ላይ አቁመው፤ አረፋ ይፈልግ። ስልኩን ተቀበለው። አረፋ ያለበት ቦታ ሰው አለ። ደግሞ ፎሌ ማድረግና ሞተር ማጥፋት አንድ አይደለም። ማርሹ ያረጀ ከሆነ ፕሮፔለሩ ፎሌም ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ሊዞር ይችላል። ጠላቂ መሰላሉ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ይጥፋ።

ሞተሩ ይሰማዋል አይደል? ለምን አይሸሽም?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚያስብ። በእርግጥ ይሰማዋል፤ ከሩቅ ይሰማዋል። ግን ከየት እንደመጣ አያውቅም። ድምፅ ውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል፤ ከአየር በ4 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ሁለቱም ጆሮ ጋ እኩል የደረሰ ያህል ነው። ጀልባው ከግራህ ይሁን ከራስህ በላይ ጆሮህ መለየት ያቅተዋል። እኔ መጀመሪያ ቀን በሰማሁት ጊዜ ሞተሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የተነሳ ነበር የመሰለኝ። ጀልባው ለካ ገና ሩቅ ነበር።

ቢያውቅም ተስፈንጥሮ መውጣት አይችልም። ሰውነቱ የሰበሰበው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ብዙዎቹ በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አይወጡም። 5 ሜትር ላይ ሲደርሱ ደግሞ 3 ደቂቃ ቆመው ይጠብቃሉ። አደጋው እዚያ ጋ ነው። ሰው መርከቡ ውስጥ የሚገባውን ጠላቂ ሲያይ ይፈራለታል። እኔ የምፈራው ሲወጣ ነው። 5 ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል፤ ወራጁ ውኃ ከባንዲራው አርቆታል፤ ከላይ ያለው ነጂ ደግሞ ለቱሪስት ፎቶ ያነሳል።

ለዚህ ሲባል ጠላቂው ከመውጣቱ በፊት እንደ ቋሊማ የረዘመ ብርቱካንማ ፊኛ አየር ሞልቶ በገመድ ይለቃል። ሳይለቅ ብቅ ያለ ጠላቂ ነጂውን መሳደብ አይችልም። በዚህ ላይ ከጀልባ ነጂዎች ጎን ነኝ።

ባንዲራው ምን ዓይነት ነው?

ሁለት ናቸው። ቀይ ሆኖ ነጭ መስመር በሰያፍ የሚያቋርጠው «እዚህ ሰው ጠልቋል» ይላል። ነጭና ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ እንደ ወፍ ጭራ የተሰነጠቀው ደግሞ የጀልባው ነው፤ «ጠላቂ ስላለኝ መንቀሳቀስ አልችልም፣ ርቀህ ቀስ ብለህ እለፍ» ማለት ነው። ጠላቂው ከወጣ በኋላ ባንዲራውን የማያወርድ ካፒቴን ያበሳጨኛል። ነጋ ጠባ የተሰቀለ ባንዲራን ማንም አያምነውም።

ሁለት ሦስት ጀልባ አንድ የሰመጠ መርከብ ላይ ቢደርስ ቦታው የማን ነው?

የሁሉም ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ግን ይጠየቃል። ስንት ሰው አወረድክ? ስንት ሰዓት ገቡ? በየት በኩል ይወጣሉ? ይህን ሳይጠይቁ መልህቅ መጣል ሰው ጭንቅላት ላይ ብረት መወርወር ነው።

መርከቡም ይጎዳል። ቲስልጎርም ላይ ጀልባዎች ገመዳቸውን ከራሱ ከመርከቡ ጋር እያሰሩ ብረቱን ገነጣጥለውታል። ስለዚህ በ2007 እ.ኤ.አ. ጀልባ የሚታሰርባቸው ቋሚ ቦታዎች ተሠሩለት። አካሉም ተበሳ። ለምን ብትሉ፣ ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር ጣሪያው ሥር እየታቆረ ብረቱን ያዝገው ስለነበር ነው። የሰው ትንፋሽ መርከብ ይበላል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

እኛ እንሠራ የነበረው እንዲህ ነው። ዘግይቶ የመጣው ከመጀመሪያው ጀልባ ኋላ ይታሰራል፤ አዲስ መልህቅ አይጥልም። ላይ ላይ የሚዋኙትንና በመስታወት ወለል የሚያዩትን የያዘው ጀልባ በአንድ ጎን ይቆማል፤ ጠላቂዎቹ በሌላው በኩል ይወጣሉ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው?

አይደለም። በአብዛኛው አሁን የምትተነፍሰው አየር ነው፣ ታምቆ።

ጣና ውስጥስ የሰመጠ መርከብ ይታያል?

ታንኳችን ደንገል ነው። ውኃ ሲጠጣ ይበሰብሳል እንጂ ለቱሪስት ተቀምጦ አይጠብቅም። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ በተለይ ክረምት ላይ ከታች የራስህን እጅ ማየት ይቸግርሃል። ቢልሃርዚያ አለ። ዓባይ መውጫው ጋ ደግሞ ጉማሬ አለ፤ እሱ ባንዲራ አያነብም። እንግዳዬን ይህን ነግሬ ክብራን ገብርኤል ገዳም ወሰድኩት።

ጅቡቲ ጠልቄ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ብመጣስ?

በአውሮፕላን ከሆነ ደጋግመህ ከጠለቅህ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ 12። በመኪናም ቢሆን ያው ነው፤ ሰው ይህን ይረሳል። ጣና ራሱ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለሰውነትህ ዳገት ዳገት ነው።

እኛ ጠላቂ አናውቅም። የቱሪስት ጀልባ ማዕበል ግን ታንኳችንን ያንገላታዋል። ለኛስ ምን ትላለህ?

ይህን የጠየቁኝ አንድ የዘጌ አባት ናቸው። አባባ፣ እውነትዎን ነው።

ታንኳ ከውኃው ብዙ ከፍ አይልም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ ቀዛፊው ጉቶ ይመስላል። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ደግሞ በሞገዱ መሃል ጠፍቶ ብቅ ይላል። ልክ እንደዚያ ፊኛ። መረቡም የሚታወቀው በላዩ በሚንሳፈፈው ፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ከቀይ ባሕር በተመለስኩ ዓመት እኔም አጥፍቻለሁ። እንጨት የጫነ ታንኳ አጠገብ በሙሉ ፍጥነት አለፍኩ። ባዶ ውኃ መስሎኝ ነበር። ሞገዱ ግማሹን እንጨት ጠርጎ ወሰደው። ሰውየው ቆመው «አንተ ልጅ፣ ባሕሩን ብቻህን ነው የገዛኸው?» አሉኝ። ተመልሼ እንጨቱን ለቀምኩ፤ የጠፋውን ከፈልኩ። ለጠላቂ አረፋ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰው፣ አገሬ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዝፍ ሰው አላየሁም።

አሁን ታንኳ ሳይ ከሩቁ ነዳጅ እቀንሳለሁ፤ አጠገቡ ስደርስ መቀነስ ዋጋ የለውም፣ ሞገዱ ከኋላ ይደርስበታል። በስተኋላው ዞሬ አልፋለሁ። እኚያ ሰውዬ ዛሬም ሲያዩኝ መቅዘፊያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ ጠይቄያቸው አላውቅም።