ሆስፒታል የሚሸተው ውስኪ

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። ወንድሜ ለፋሲካ ከለንደን ሲመጣ ላፍሮይግ የሚባል ውስኪ አንድ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። የ10 ዓመት ይላል። እንግዳ ፊት ስንከፍተው ቤቱ ሆስፒታል ሆስፒታል ሸተተ። ባለቤቴ «ዴቶል ነው እንዴ?» አለች። እኔም አንዴ ፉት ብዬ ተውኩት። ወንድሜ እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ልደፋው ነበር። ተበላሽቶ ይሆን? በረዶ ቢገባበትስ ይሻለዋል? (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ እንዳይደፉት! ውስኪው ምንም አልሆነም። የባለቤትዎም አፍንጫ አልተሳሳተም።

የሸተታችሁ ፌኖል የሚባለው ነገር ነው። ድሮ ቁስል ይታጠብበት የነበረው ካርቦሊክ አሲድ ራሱ ፌኖል ነው። ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1865 ቁስል እንዳያመረቅዝ የተጠቀመው በእሱ ነበር፤ ያውም እዚያው ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ። ውስኪው ላይ ግን ማንም መድኃኒት አልጨመረበትም። ከጭስ የመጣ ነው።

ላፍሮይግ የሚሠራው አይላ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ነው። ነፋስ የሚበዛባት፣ ዛፍ እምብዛም የሌለባት ደሴት ናት። እንጨት ሲጠፋ ሰዉ ረግረጉን እየቆረጠ ያነድ ነበር። ፒት ይሉታል። ሳርና ቁጥቋጦ ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ በደንብ ሳይበሰብስ ተጠራቅሞ የሆነ ጥቁር አፈር ነው። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። እንደ ጡብ ይቆረጥና ደርቆ ይነዳል።

ጭሱ የሚገባው በርሜል ውስጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም፣ ብቅሉ ላይ ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ ከበቀለ በኋላ መድረቅ አለበት። እኛ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። እዚያ ፀሐዩ ከየት ይምጣ? በፒት እሳት ያደርቁታል፣ ጭሱም እርጥቡ ብቅል ላይ ይጣበቃል።

እኔ ግላስጎው መጠጥ ቤት ውስጥ ስሠራ ይህን ውስኪ ለሰው እየቀዳሁ ራሴ አልቀምሰውም ነበር። አንድ ክረምት በመርከብ ወደ አይላ ተሻገርኩ። ብቅሉ ወለል ላይ ተዘርግቶ አየሁት። አስጎብኚዋ ከደረቀው እፍኝ ሰጠችኝና ቆረጠምኩት። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፤ እናቴ ለጠላ የምታበቅለው ብቅል ነው። ወዲያው ጭሱ መጣ። በወይራ የታጠነ ጋን ውስጥ አንገቴን ያስገባሁ መሰለኝ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ይህን ጭስ ፈርቼው አላውቅም።

የጭሱ መጠን በፒፒኤም ይለካል፤ ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ፌኖል ነው ማለት ነው። የላፍሮይግ 40 አለፍ ይላል፣ አርድቤግ የሚባለው የዚያው ደሴት ውስኪ 55 ያህል ነው። ኦክቶሞር 8.3 የሚባለው ሌላው የደሴቲቱ ውስኪ 309 ደርሷል። ቁጥሩ ግን አያስደንግጥዎ። የሚለካው ብቅሉ ላይ እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አይደለም፤ መንገድ ላይ ብዙው ይቀራል። ደግሞም ልክ እንደ አረቄ ሲወጣ፣ ጭሱ ወደ መጨረሻው ነው የሚመጣው። አውጪው መቅዳቱን ቶሎ ካቆመ ጭሱ ይቀላል፣ ትንሽ ከታገሠ ይከብዳል። በርሜል ውስጥም ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ጭሱ እየለዘበ ይሄዳል። የእርስዎ ገና የ10 ዓመት ስለሆነ ጉልበቱ አለ።

አሁን ወደ አጠጣጡ። እንግዳ በተሰበሰበበት፣ በጫጫታ መሀል አይቅመሱት። ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ ግማሽ መለኪያ ይቅዱ። አፍንጫዎን ብርጭቆው ውስጥ አይክተቱት፣ ከላይ ብቻ ያሽትቱት። አንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ጠብ ያድርጉበትና አሥር ደቂቃ ይተዉት። ያ የሆስፒታሉ ሽታ ወደ ኋላ ይላል። ከሥሩ ጣፋጭ ነገር ብቅ ይላል፤ ቫኒላ ቢጤ፣ ቡርበን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ከነበረበት በርሜል የመጣ። ቀጥሎ ጨው ጨው ይላል። ከዋጡት በኋላ ደግሞ የጠፋ ምድጃ አጠገብ እንደተቀመጡ ጭሱ አፍዎ ውስጥ ይቆያል። እኔ የምወደው ይህን መጨረሻውን ነው። ሌላው ውስኪ ሲዋጥ ያልቃል፣ ይሄ ገና ይጀምራል። ቋንጣ ቤት ካለ አጠገብዎ ያድርጉ።

በረዶ አይግባበት። ቅዝቃዜው ጣፋጩን ይደብቀዋል።

ሦስት ማታ ይሞክሩት። ያኔም ካልጣመዎት ይሉኝታውን ትተው ለወንድምዎ እውነቱን ይንገሩት። በሚቀጥለው ሲመጣ ቦውሞር 12 ይያዝልዎ፤ የዚያችው ደሴት ልጅ ነው፣ ጭሱ ግን ለስለስ ይላል። ይህንን ጠርሙስ እሱ ይጨርሰው።