የእጩ ባለቤት ስትናገር «ምላሰኛ» እንበላት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአማርኛ ሬዲዮ ስለ 2008ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አንድ ዝግጅት እያሰናዳሁ ነው። አንዱ ክፍል እጩዎቹ ገና ከራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ጋር ሲፎካከሩ የትዳር ጓደኞቻቸው ስለነበራቸው ሚና ነው። የጆን ኤድዋርድስን ባለቤት ኤልዛቤት ኤድዋርድስንና የባራክ ኦባማን ባለቤት ሚሼል ኦባማን ሳነሳ ‹ምላሰኛ ሚስቶች›፣ የሂላሪ ክሊንተንን ባል ቢል ክሊንተንን ሳነሳ ደግሞ ‹አንጋፋው ፖለቲከኛ› ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ የመጀመሪያው ስድብ ነው አለችኝ። ‹ደፋር› ልበል ይሆን? ደግሞስ ‹ባለቤታቸው እንዳሉት› ስል ባልየው ይሁኑ ሚስትየዋ አድማጭ አይለይም። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናት። «ምላሰኛ» ስድብ ነው። ስለ ሕፃን ሲባል ፈገግታ ሊኖርበት ይችላል። ስለ ትልቅ ሰው ሲባል ግን «አፏ ከሥራዋ ይቀድማል» እንደማለት ነው። «አፈኛ» ከዚህ አይሻልም። «አፈ ጮሌ» ደግሞ የማታለል ጥርጣሬ ይጨምርበታል።

«ደፋር»ን በጥንቃቄ ይያዙት። «ደፋር ጋዜጠኛ» ሲባል ሙገሳ ነው። «እንዴት ያለች ደፋር ናት!» ሲባል ግን ሙገሳ የሚሰማው የለም። ቃሉ ስለ ወንድ ሲነገር ወደ ጀግና ያደላል። ስለ ሴት፣ ስለ ልጅ ወይም ስለ በታች ሲነገር ግን ወደ ባለጌ ይጠጋል። በሬዲዮ ደግሞ የድምፅዎ ቃና ትንሽ ከተንሸራተተ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ ከአንድ ቃል ያልፋል። የእኛ አድማጭ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል እየሰማ ያደገ ነው። ባል ለሥልጣን ሲወዳደር ሚስት መድረክ ላይ ወጥታ ስትናገር ይህ አባባል ሳይጠራ ይመጣል። እኔ አባባሉ እንዲያበቃለት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ዜና ጸሐፊ በአንዲት ቅጽል እንዲያግዘው አልወድም። የእርስዎን ጽሑፍ እንኳ ይዩት። በዚያ ፉክክር ከሦስቱ ሁሉ ተቀናቃኝን በኃይለ ቃል የነኩት ቢል ክሊንተን ነበሩ። «አንጋፋ» የተባሉት ግን እሳቸው ናቸው።

የምመክርዎ ቅጽሉን ትተው የሆነውን እንዲጽፉ ነው። ጁን 26፣ 2007 (ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኤልዛቤት ኤድዋርድስ ኤምኤስኤንቢሲ ላይ ይቀርብ ወደነበረው «ሃርድቦል» ፕሮግራም ስልክ ደወሉ። እንግዳዋ ወግ አጥባቂዋ ጸሐፊ አን ኩልተር ነበሩ። ወይዘሮ ኤድዋርድስ በቀጥታ ሥርጭት፣ ኩልተር በሰው ላይ የሚሰነዝሩትን የግል ጥቃት እንዲያቆሙ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ኤድዋርድስ ካንሰር እንደተመለሰባቸው ለሕዝብ ከገለጹ ገና ሦስት ወራቸው ነበር። ይህን እንዳለ ካነበቡት አድማጭ ሴትየዋ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ራሱ ይደርስበታል። ቅጽል የግድ ካስፈለገዎት «የልባቸውን የሚናገሩ» ወይም «ሐሳባቸውን ፊት ለፊት የሚናገሩ» ይበሉ። ሁለቱም ለወንድም ለሴትም ያለ ለውጥ ይሠራሉ።

የሚከብደው የተናገሩትን መተርጎሙ ነው። በ2008 የእጩዎቹ ፉክክር የተጀመረባት የአዮዋ ግዛት 99 ካውንቲዎች (ወረዳዎች) አሏት። እጩው በአንድ ምሽት ሁለት ከተማ መገኘት አይችልም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ትላካለች። የምትናገረው ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ምግብ ቤት ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ንግግሩ የጨዋታ ንግግር ነው። እኛ ግን ስንተረጉም ወደ መግለጫ አማርኛ እንለውጠዋለን።

ቢል ክሊንተን ጃንዋሪ 7፣ 2008 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የተናገሩትን እንውሰድ። የባራክ ኦባማን የኢራቅ ጦርነት አቋም እያነሱ ነበር። እኔ እንዲህ ብዬ እመልሰዋለሁ፦ «ኧረ ተዉኝ እስቲ! ይሄ ነገር በሙሉ እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ተረት ነው።» አንዳንድ ሰው «ተረት»ን «ውሸት» ቢለው የሚቀል ይመስለዋል። አይቀልም። ሰውየው ያላሉትን ክስ ይጨምርባቸዋል። «ይሄ ነገር በሙሉ» የሚለውንም አያፍታቱት። ጭቅጭቁ የተነሳው ከእሱ ነው። ክሊንተን የኢራቁን ጉዳይ ብቻ ማለቴ ነው አሉ። የደቡብ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጄምስ ክላይበርንን የመሳሰሉ ሰዎች ግን የጥቁሩ እጩ ሕልም በጠቅላላ «ተረት» የተባለ ሆኖ ተሰማቸው። ጃንዋሪ 26 ኦባማ ደቡብ ካሮላይናን 55 ከመቶ በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ተርጓሚው «የኢራቅ አቋሙ ተረት ነው» ብሎ ካብራራው ሰው ለምን እንደተቆጣ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምፈልገው ግን የሚሼል ኦባማን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 18፣ 2008 ዊስኮንሲን ነበሩ። በማግስቱ እዚያ ድምፅ ይሰጣል። ሚልዋኪ ላይ የተናገሩት እንዲህ ነው፦ «ትልቅ ሰው ከሆንኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሬ እኮራለሁ፤ ምክንያቱም ተስፋ በመጨረሻ እየተመለሰ ይመስላል።» ያንኑ ቀን ማዲሰን ላይ ደገሙት። እዚያ ግን አንዲት ቃል ጨመሩ፦ «ከልቤ እኮራለሁ» አሉ።

በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ከዚያ በፊት ኮርተው የማያውቁ ያስመስላቸዋል። ሁለተኛው በፊትም ይኮሩ ነበር፣ እንዲህ ግን አልነበረም ወደሚል ይወስዳል። ስለዚህ የትኛውን ከተማ ንግግር እንደሚተረጉሙ ይወስኑና አይቀላቅሏቸው። የተጨመረችውን የእንግሊዝኛ ቃል (really) «በእውነት» ብሎ መመለስም ያሳስታል። አማርኛችን «በእውነት»ን ሲሰማ ወደ መሐላ ይወስደዋል፤ «እውነቴን ነው» እንደማለት ይሆናል። «ከልቤ» የስሜቱን ጥልቀት ይናገራል።

ሌላው ወጥመድ ዕድሜው ነው። «ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ» የሚለው ለጆሮ ያምራል። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ነፍስ ማወቅ የሚጀምረው በልጅነት ነው። እንዲህ ከተረጎሙት ሴትየዋ ከስድስት ሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በአገራቸው አልኮሩም ማለት ነው። እሳቸው የተናገሩት ስለ አዋቂነት ዘመናቸው ነው፤ ያኔ 44 ዓመታቸው ነበር። «ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ» ደግሞ የጋብቻ ወግ ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም። «ትልቅ ሰው ከሆንኩ ወዲህ» ተራ ቢመስልም ልኩ እሱ ነው።

«በአገሬ» የሚለውንም ከ«እኮራለሁ» አያርቁት። «ሚሼል ኦባማ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራሁ አሉ» የሚል ርእስ ቢሰጡት ግማሹ አድማጭ «ጉራ ጀመራት እንዴ?» ይላል። «ኮራች» በእኛ ቋንቋ ሰው ናቀች፣ ተጀነነችም ነውና።

በማግስቱ የሪፐብሊካኑ ተፎካካሪ የጆን ማኬይን ባለቤት ሲንዲ ማኬይን እሳቸው በአገራቸው በጣም እንደሚኮሩ ተናገሩ። የሚሼልን ስም አልጠሩም። አድማጭ መልስ መሆኑን የሚያውቀው በተለይ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው። አንዷን «እኮራለሁ»፣ ሌላዋን «ደስ ይለኛል» ብለው ከተረጎሙ ንትርኩ ጠፋ ማለት ነው። ቃል መደጋገም ያሳፍራል የሚሉ መምህራን አሉ። እዚህ ላይ ይድገሙት።

አሁን ወደ «ባለቤታቸው» እንምጣ። «ባለቤት» ለባልም ለሚስትም ስለሚሆን ጥሩ ቃል ነው። ችግሩ ከአክብሮቱ ጋር ሲገናኝ ነው። በአንቱታ ጊዜ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ «እሳቸው» ሁለቱም ናቸው። «ክሊንተን ባለቤታቸው ልምድ እንዳላቸው ተናገሩ» ሲባል ማን ማንን አመሰገነ? ሁለቱም ክሊንተን፣ ሁለቱም ባለቤት ናቸው። መፍትሔው የቤተሰብ ስሙን ብቻውን አለመጠቀም ነው። «ሴናተር ሂላሪ ክሊንተን» እና «ባላቸው፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን» ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ «ሴናተሯ» እና «የቀድሞው ፕሬዚዳንት» እያሉ ይቀጥሉ። «ባላቸው» እና «ሚስታቸው» ነውር የለባቸውም፤ ግልጽነት ሲያስፈልግ ይጻፉ። «ቀዳማዊት እመቤት» ግን ባሏ ገና እጩ ለሆነ ሴት አይባልም።

ግራ መጋባቱን ለማስቀረት ብለው ሴትየዋን ወደ «አለች» እንዳያወርዷት አደራ። ባልየው «ተናገሩ»፣ ሚስትየዋ «ተናገረች» የሚባልበት ጽሑፍ አሁንም ያጋጥመኛል፤ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ባራክና ሚሼል ኦባማን ይዩ፤ ሁለቱም የሕግ ባለሙያ፣ ሁለቱም በአንድ መድረክ ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ዝግጅትዎ የወዳጅ ጨዋታ ቃና ካለው «ባራክ ተናገረ፣ ሚሼል ተናገረች» ይበሉ። አለዚያ ሁለቱንም አንቱ ይበሉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ረቂቅዎ ላይ በፓርቲ ውስጥ የሚደረገውን ምርጫ ለማለት «ቅድመ ምርጫ» የሚል ካለ ይተዉት። ኢትዮጵያ ውስጥ «የቅድመ ምርጫ ወቅት» ማለት ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ምዝገባውም ቅስቀሳውም እዚያ ውስጥ ይገባል። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ አድማጭ ይህን ነው የሚረዳው። መጀመሪያ ላይ «ዴሞክራቶች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው የሚመርጡበት የዊስኮንሲን ምርጫ» ብለው አንዴ ያስረዱ፤ ከዚያ በኋላ «ፕራይመሪ» ይበቃል። የአዮዋውን ግን «ፕራይመሪ» አይበሉት። በ2008 የነበረው «ኮከስ» ነው፤ ሰዉ በየአካባቢው ተሰብስቦ የወሰነበት።