«ኢንቫሉዋብል» ዋጋ ቢስ ማለት አይደለም እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ጎንደር አዘዞ ነው ሰፈሬ። አን፣ ዲስ፣ ሚስ፣ ኢን የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቅድመ ቅጥያዎች ሙሉ ገጽ ሸምድጄ ፈተና ላይ ኢንቫሉዋብል መጣና ቫሉ ዋጋ ነው ኢን ደሞ አፍራሽ ነው ብዬ «ዋጋ የሌለው» አልኩ፣ ተሳሳትኩ። ታዲያ መሸምደዱ ምን ጠቀመኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አካሄድሽ ልክ ነው፣ ቃሉ ነው የከዳሽ። ኢንቫሉዋብል «ዋጋው ሊተመን የማይችል» ከሚለው ስለመጣ እጅግ ውድ ማለት ሆኖ ቀረ። እንዲህ አይነቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ለብቻ ያዣቸው።

ዋናው ነገር ኢን ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ አፍራሽ ነው፣ እኛ ከግዕዝ ወስደን ኢሰብዓዊ፣ ኢፍትሐዊ እንደምንለው (ዝምድና የላቸውም፣ ግን ለማስታወስ ይረዳል)። ሌላው «ወደ ውስጥ» ነው። ሁለቱም ደሞ ቀጥሎ በሚመጣው ፊደል ይለወጣሉ፣ እንብላ ብለን ጽፈን «እምብላ»፣ ወንበርን «ወምበር» እንደምንለው ማለት ነው፣ ከንፈር ስለሚገጥም። ለዛ ነው ፖሲብል ኢምፖሲብል የሚሆነው፣ ሊጋል ኢሊጋል፣ ሬጉላር ኢሬጉላር የሚሆነው ደሞ ኢን ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ስለሚመስል ነው። ኢን፣ ኢም፣ ኢል፣ ኢር አራት ቅጥያ ቢመስሉሽም አንድ ናቸው።

አሁን ሽምደዳውን ተይውና እዛው ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ አንድ የአብነት ተማሪ የግዕዝ ግስ እንዴት እንደሚይዝ ጠይቂው። ዝም ብሎ በዝርዝር አይደለም፣ ይሄ የቀተለ ቤት ነው ያ የቀደሰ ቤት ነው እያለ በቤተሰብ ነው የሚያጠናው፣ ቤቱን ካወቀ አዲስ ግስ ሲመጣ የት እንደሚያስገባው አይጠፋውም። እንግሊዝኛውንም እንደዛ ያዢው። ፖርት ከላቲን የመጣ ነው፣ መሸከም ማለት ነው። ኢምፖርት ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ኤክስፖርት ወደ ውጭ ማውጣት፣ ትራንስፖርት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ማሻገር፣ ሪፖርት ደሞ ወሬውን ይዞ መመለስ። ሁሉንም በአማርኛ ስታወሪ በየቀኑ ትያቸዋለሽ እኮ! እና ልብ በይ፣ የኢምፖርት ኢም «ወደ ውስጥ» ነው፣ የኢምፖሲብል ኢም አፍራሽ፣ መልካቸው አንድ ነው ግን ግንዱን ካየሽ አትሳሳቺም።

ለዚህ ሳምንት የፎርምን ቤት ውሰጂ፦ ሪፎርም፣ ትራንስፎርም፣ ኢንፎርም፣ ዩኒፎርም። ፎርም ቅርጽ ነው፣ ዩኒ አንድ ነው፣ የቀሩትን ራስሽ ፍቺና የኢንፎርም ኢን የትኛው እንደሆነ ጽፈሽ ላኪልኝ።